የጋሽ ዓባይነህ ተረከዝ

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሞልቷል። ያነበበውን የሚያምንም አይጠፋም። ያነበበውን ግን ነጥብ ሳያጎድል፣ ሰረዝ ሳይዘል፣ እቤቱ ሳሎን ውስጥ የሚፈጽም ሰው በየሰፈሩ አንድ ነው፤ አንዱም ይበቃል። ሁለት ቢሆኑማ ሰፈር አይችላቸውም። ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ወደ ገፈርሳ በሚያሳየው ዳገት ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከመው ጋሽ ዓባይነህ ነው። ሰፈሩ በሌለበት ሊቀ መመሪያ ይለዋል። ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው።

ሊቀ መመሪያ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። በእሱ ዘመን ከመጋዘኑ አንዲት ብሎን ያለ ፊርማ ወጥታ አታውቅም። ዋና ሥራ አስኪያጁ ራሱ አንድ ቀን መጥረጊያ ፈልጎ ቢመጣ፣ "መመሪያው እንዲህ አይልም" ተብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። መብራት ጠፍቶ እንኳ የቱ ዕቃ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ በግራ ይሁን በቀኝ፣ እጁን ሰዶ ያወጣ ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጣ መመሪያ የሚልክለት አጣና መግዛት ጀመረ። አውቶቡስ ተራ መሬት ላይ መጽሐፍ የሚዘረጉት ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩት "እንዴት አደርክ ጋሼ፣ አዲስ ነገር መጥቷል" ይሉታል።

የመጀመሪያው ስለ ንብ ነበር። መጽሐፉ "ንብ ረጋ ያለን ሰው አትነካም" ይላል። ጋሽ ዓባይነህም ረጋ አለ። ቀፎው ፊት ቆሞ፣ እየነደፉት፣ እንደ ረጋ ቀረ። ዓይኑ እስኪጠፋ ፊቱ አብጦ ሲገባ ሚስቱ ማሪቱ ደረቷን መታች።

"በሞትኩት! አትሮጥም ነበር?"

"መሮጥ መጽሐፉ ላይ የለም" አላት በአበጠ ከንፈሩ። ንቦቹ ግን መጽሐፉን ስላላነበቡት በሳምንታቸው ገፈርሳ ዳር ወዳለው ባሕር ዛፍ ነጎዱ።

ከንቡ ቀጥሎ ዶሮ መጣ። "ጩኸት እንቁላል ይቀንሳል" የሚል ስለተጻፈ፣ ያን ክረምት ግቢው ውስጥ በሹክሹክታ ተኖረ። ማሪቱ ልጇ ናዝራዊት ከሰበታ ስትደውልላት ስልኳን ይዛ ዝናብ ላይ ትወጣ ነበር። የአጥሩ ጎረቤት ኦቦ ሁንዴ ደግሞ ከብት ሲጣራ ማዶ ያለው ሰው አቤት የሚል፣ ድምፁን መቀነስ አባቱም ያላስተማሩት ሰው ነው። "አካም ጅርቱ!" ብሎ ሲገባ ጋሽ ዓባይነህ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ይቀበለዋል።

"ምነው፣ ሕፃን ተኝቷል?" ይላል ሁንዴ።

"ዶሮ ነው።"

"እኔ ጋ ዶሮ ከከብት ጋር እየተራገጠች ትጥላለች እኮ!"

"መጽሐፉ እንዲህ አይልም" ይላል ጋሽ ዓባይነህ፣ ነገሩም እዚያ ላይ ያበቃል።

ማሪቱ እንዲህ ካለው ሰው ጋር ዕድሜዋን የገፋችው በሳቅ ነው። ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ የክርና የቁልፍ ሱቅ አላት፤ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጣ ዚፕ ትለካለች፣ ከልብስ ሰፊ ጋር ትከራከራለች፣ ማታ የባሏን ጉድ ለጎረቤት ታወራለች። ያለፈው ዓመት ስቅለት ግን ሳቋን ወሰደው።

ማሪቱ ሁዳዴን የምትጾመው፣ እሷ እንደምትለው፣ ለዚያች አንዲት ቀን ነው። ዓመቱን ሙሉ በክርክርና በሐሜት የሰበሰበችውን ኃጢአት ስቅለት ዕለት በላብ ታወጣዋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰግድ ቆማ የምታርፍ ሴት አልነበረችም። ባለፈው ዓመት ግን ገና ጠዋት፣ ሕዝቡ "ኪርያላይሶን" እያለ ሲወርድ አብራ ወረደች፣ ሕዝቡ ሲነሳ ወገቧ እምቢ አላት። እንደ ተደፋች ቀረች። ሁለት ሴቶች ብብቷን ይዘው አነሷትና አቅመ ደካሞች ከተቀመጡበት ከፕላስቲክ ወንበሮቹ አንዱ ላይ አኖሯት። ቀኑን ሙሉ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ስባ አለቀሰች።

ማታ እቤት ገብታ "ከእንግዲህ ስግደት ለእኔ ቀረ" አለች፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጋሽ ዓባይነህ ለዚህ የሚሆን መጽሐፍ አልነበረውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አመሸ።

ሐኪም ዘንድ ያልወሰዳት እንዳይመስላችሁ። የጤና ጣቢያዋ ወጣት ዶክተር ወዲያ ወዲህ አገላብጣ አየቻትና "ማዘር፣ አጥንትዎ ደህና ነው፤ መቀመጥ ነው የጎዳዎት። ጠዋት ጠዋት ቀስ እያሉ መታጠፍ፣ መዘርጋት ነው" ብላ አንዲት ሴት እግሯን የሰቀለችበት ሥዕል ያለው ወረቀት ሰጠቻት።

"አበስኩ ገበርኩ!" አለች ማሪቱ ገና ከበሩ ሳትወጣ። "የልጅ ልጅ ያየሁ ሴትዮ እግሬን ልስቀል? ሰው ምን ይለኛል?"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አላት ባሏ።

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" አለችው። ወረቀቱ ሱቅ ሄዶ ቁልፍ ተጠቀለለበት። ጋሽ ዓባይነህ አንድ ነገር ከያዘ ጆሮ እስኪያደነቁር የማይለቅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ይህን ነገር ሁለተኛ አላነሳባትም።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ታዲያ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት የተሸፈነ መጽሐፍ ብብቱ ሥር ይዞ መጣ። የሸፈነው ልባሱ ላይ ያለችው ሴት የለበሰችው ልብስ ጠባብ ስለሆነ ነው። ዮጋ በቤትዎ፣ ለጀማሪዎች፣ ያለ አስተማሪ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰውነት ማፍታታት ነው። ህንዶች የጀመሩት ጥበብ ነው።"

"የጀመሩት ይጨርሱት!" አለች ማሪቱ።

ግን ማን ሰምቷት። መጽሐፉ "የማያንሸራትት ምንጣፍ ያዘጋጁ" ስለሚል፣ ጋሽ ዓባይነህ መርካቶ ወርዶ የመኪና ወለል ላይ የሚነጠፈውን ጎማ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ኦቦ ሁንዴ ከአጥሩ ማዶ አይቶት "መኪና ገዛችሁ እንዴ? ወለሉ ቀድሞ መጣ?" አለ። "ሰፋ ያለ ልብስ ይልበሱ" ስለሚል ቢጃማውን ለበሰ፤ ቢጃማው እንዳይጠልፈው ጫፉን ካልሲው ውስጥ ከተተ። ካልሲው ጥቁር ነው፤ ተረከዙን ግን ማሪቱ ጥቁር ክር አልቆባት በአረንጓዴ ጠቅጥቃዋለች። "ካልሲ የሚጠገነው በገዛ ቀለሙ ነው" ብሎ ነዝንዟት ነበር። "ጫማ ውስጥ ማን ያየዋል?" ብላ ዝም አሰኘችው።

"ንጹህ አየር ይግባ" ስለሚልም የሳሎኑ በር ተከፈተ፣ ሰፈሩም በነፃ ያይ ጀመር። በአንድ እግሩ ቆሞ እጆቹን ወደ ላይ አጋጥሞ የዛፍ አቋም ሲሠራ፣ ኦቦ ሁንዴ በሩ ላይ ጥቂት ተመለከተውና "ይቺ ዛፍ ድጋፍ ትፈልጋለች፤ አጣና ላምጣ?" አለ። እጅና እግሩን መሬት ተክሎ ወገቡን ወደ ሰማይ በመስቀል 'ቁልቁል የሚያይ ውሻ' የሚባለውን አቋም ሲሠራ ደግሞ የግቢው ውሻ መጥቶ ፊቱ ተዘረጋ፤ ሥዕሉ ላይ እንዳለው፣ ምንም መጽሐፍ ሳያነብ።

ወሬው ፈጥኖ ደረሰ። "ጋሽ ዓባይነህ ሃይማኖት ለወጠ" ተባለ። የንስሐ አባታቸው መምሬ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና ጎማው ላይ ያለውን ሰው አዩት።

"ጸሎት አለው ይሄ ነገር?"

"የለውም አባ። መጽሐፉ 'የሚያረጋጋዎትን ቃል በልብዎ ይበሉ' ይላል። እኔ 'እግዚኦ መሐረነ' ነው የምለው።"

"ከዚያስ?"

"መተንፈስ ብቻ ነው።"

መምሬ መቋሚያቸውን አነሱ። "መተንፈስ አልተከለከለም" ብለው መስቀል አሳልመውት ሄዱ።

ችግሩ ሌላ ነበር። ሰው ግንባሩን መሬት አድርጎ መጽሐፍ ማንበብ አይችልም። መነጽሩ እየወደቀ፣ ገጹ እየተገለበጠ ሲያስቸግረው ማሪቱን ጠራት። "አንቺ አንብቢልኝ፣ እኔ ልሥራ።"

"ሱቅ ልከፍት ነው እኮ!"

"ለጥቂት ጊዜ ነው።"

ለጥቂት ጊዜ የተባለው በየጠዋቱ ሆነ። ማሪቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ታነባለች፣ ሊቀ መመሪያ ጎማው ላይ ይሠራል። መሥራት ከተባለ።

"'በጉልበትዎ ይንበርከኩ' ይላል።"

"ተንበረከክሁ።"

"'መቀመጫዎን ተረከዝዎ ላይ ያሳርፉ።'"

"አሳረፍኩ።"

"የታባቱ ያሳረፍከው? ጣሪያ ሊነካ ምን ቀረው! ውረድ እንጂ!"

"ወርጃለሁ እኮ።"

"ተረከዝህ ላይ ዓባይነህ! ተረከዝ የለህም? 'ግራ እጅዎን' ሲልህ ደግሞ ቀኝህን ነው ያወጣኸው!"

"የቱ ነው ግራዬ? አጎንብሼ ጠፋኝ። እስቲ አንቺ አሳዪኝ።"

ማሪቱ ሲበዛባት ነጠላዋን ወዲያ ጣለች። አይታገሥ ነገር! "ዞር በል!" አለችና የሶፋውን እጀታ ይዛ፣ "ወይኔ ወገቤ" እያለች፣ ጎማው ላይ ወረደች። የወረደችው ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወገቧ ተገተረ።

"የእኔ እስከዚህ ነው" አለች ድምጿ ወርዶ።

"ግድ የለም" አለ ጋሽ ዓባይነህ። "መጽሐፉ 'እስከቻሉት ይሂዱ፤ ነገም ቀን ነው' ይላል።"

ማሪቱ ገጹን ከላይ እስከ ታች ብታየው ይህን ቃል አላገኘችውም። ሌላ ገጽ ላይ ይሆናል ብላ ተወችው።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ በሳምንቱም። የእሱ መቀመጫ እንደ ጎመን ጆንያ ወደ ላይ እንደ ቆመ፣ እሷ እየተናደደች ትወርዳለች፣ "እንዲህ! እንዲህ ነው!" እያለች ታሳየዋለች፣ እሱ መነጽሩን አድርጎ ቁጢጥ ብሎ ያያል፣ "አሃ፣ አሁን ገባኝ" ይላል፣ ተራው ሲደርስ ምንም አልገባውም። እሷ ሱቅ ዱካዋ ላይ ሆና እንኳ ተረከዙን እያሰበች ትበግናለች። አንድ ጠዋት ግንባሯ ጎማውን ሲነካ ቀና ብላ "ይኼማ ስግደት አይደለም እንዴ?" አለች። "የእኛኑ ነው ገልብጠው የሸጡልህ!"

"መጽሐፉ የሕፃን አቋም ነው የሚለው።"

"አንተ ደግሞ ሕፃን የሚችለውን ነው ያቃተህ!"

ከቁጣዋ ሥር ግን ፍርሃት ነበር። ጨለማ ውስጥ ብሎን ከብሎን የሚለይ ሰው እንዴት ግራና ቀኙን ያጣል? ሰበታ ደውላ ለናዝራዊት "አባትሽ ሐሳቡ እየሸሸ ነው መሰለኝ" አለቻት። "እያነበብኩለት፣ እያሳየሁት አይገባውም።" ናዝራዊት "እማዬ፣ ዕድሜ ነው፤ አትጨነቂ" አለች። ማሪቱ "እርጅና ብቻህን ና" ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁጣዋ ሳይቀንስ ትዕግሥቷ ጨመረ። ይህ ሰው ከእጇ እየወጣ ከሆነ፣ ቢያንስ ተረከዙን ታስተምረዋለች።

ጾሙ እንደ ገባ ለቅሶ ለመድረስ ሱሉልታ ሄዱ። ታክሲያቸው እንጦጦን ተሻግሮ ሜዳው ላይ እንደወረደ ጎማው ተነፈሰ። ከመንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ሯጮች ልምምድ ጨርሰው ይሳሳባሉ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሊቀ መመሪያ ይህን እያየ መኪና ውስጥ ሊቀመጥ ነው? ወርዶ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመካከላቸው ተመላለሰ። አንዱን፣ ጃለታ የሚሉትን ቀጭን ልጅ "ልጄ፣ ይኼ አቋም መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም" አለው።

ጃለታ ሲሮጥ እንጂ ሲከራከር ያደገ ልጅ አይመስልም። "እሺ ፋዘር፣ ያሳዩን" አለ።

ጋሽ ዓባይነህ ኮቱን አውልቆ ጎንበስ አለ። እጁ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ጉልበቱም እንደ ልማዱ ታጠፈ። ሯጮቹ በትሕትና መሬት መሬት አዩ። ማሪቱ በታክሲው መስኮት ብቅ ብላ "ጉልበትህ! ጉልበትህን አትጠፍ አላልኩህም?" ብላ ጮኸች። ጩኸቱ አላረካትም። ወረደች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ "እንዲህ ነው ልጆቼ" ብላ ታጠፈች። የጣቶቿ ጫፍ ሣሩን ነካ።

"ማዘር ይችላሉ! ነገ ከእኛ ጋር ይሩጡ!" አለ ጃለታ፣ ሁሉም አጨበጨቡ። ማሪቱ እፍረት ይዟት ቀና አለችና ሮጣ መኪናው ውስጥ ገባች። ጎማው ተቀይሮ መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው የገባት፤ ቀና ስትል ምንም አልያዘችም፣ ማንንም አልተደገፈችም። አጠገቧ ያለው ሰውዬ በመስኮቱ ውጭ ውጭ እያየ ያንጎራጉራል። አልነገረችውም። ብትናገር የሚጠፋ መሰላት።

ከዚያ የሬሳው አቋም መጣ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ "በጀርባዎ ይንጋለሉ፤ ዓይንዎን በስስ ጨርቅ ይሸፍኑ፤ የውጭ ድምፅ ቢሰሙ አይረበሹ፤ በድንገት አይነሱ" ይላል። ማሪቱ እሱን ለብቻው ተወችለትና ሱቋን ልትከፍት ሄደች። ኦቦ ሁንዴ ደግሞ የተዋሰውን መሰላል ሊመልስ መጣ። በሩ ክፍት ነው። ጎረቤቱ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ፊቱ ላይ ነጠላ አለ። እጁን ቢነካው እንደ ቡራዩ ጠዋት ቀዝቅዟል። መሰላሉ ከትከሻው ወደቀ።

"ያ ዋቃዮ! ዓባይነህ! ወንድሜ!"

ያ ድምፅ ተናግሮ የማይሰማው ቤት የለም። ሱቅ ድረስ የሮጠች ሴት "እትዬ ማሪቱ፣ ቶሎ ነይ" ብቻ ብላ ስታለቅስ፣ ማሪቱ ሱቁን እንደተከፈተ ጥላ ዳገቱን በሩጫ ወጣችው። እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቅም። ስትደርስ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ፣ የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ቋሚ ከጋሪ እያወረዱ ነው፣ ሁንዴ በሩ ላይ ተቀምጦ "በዶሮህ ስቄብህ ነበር፣ ይቅር በለኝ" እያለ ይንሰቀሰቃል። ማሪቱ ሰዉን ጥሳ ገባችና ደረቱ ላይ ወደቀች።

"ዓባይነህ! ለማን ትተኸኝ! ተረከዝህን ነው የተቆጣሁት እንጂ አንተን መች ጠላሁህ!"

ከነጠላው ሥር ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። "ማሪቱ፣ ረጋ በይ። በድንገት መነሳት አይገባም።"

ሴቶቹ እየተረጋገጡ ወጡ። እሱ ግን እንደ ተጻፈው ነው፤ መጀመሪያ የእግር ጣቱን አነቃነቀ፣ ከዚያ የእጁን፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎኑ ዞረ፣ ከዚያ ተቀመጠ። ማሪቱ በነጠላዋ ትመታው ጀመር፣ እየመታችው ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። "ያ ሁሉ ሰው ሲጮህ ዝም ትላለህ?"

"አይረበሹ ይላላ" አለ። ከዚያ ወደ በሩ አየና "ሁንዴ ግን እንዲህ የሚወደኝ አይመስለኝም ነበር" አለ።

የዕድሩ ሊቀመንበር ቋሚውን ተደግፎ "ሰው ሳይሞት ድንኳን ያስወጣ አባል ምን ይደረጋል?" ብሎ ጠየቀ።

"መተዳደሪያ ደንቡ ምን ይላል?" አለ ጋሽ ዓባይነህ።

"ደንቡን የጻፍከው አንተ! ይኼን መች ጻፍክ?"

"እንግዲያው የሚደረግ የለም" አለ ሊቀ መመሪያ፣ ድንኳኑም ተመለሰ።

ስቅለት ደረሰ። ማሪቱ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። የቆመችው ከፕላስቲክ ወንበሮቹ አጠገብ ነው፤ የማይቀር ነገር ቢመጣ ብላ አንዱን ወንበር በዓይኗ ይዛለታለች። "ኪርያላይሶን" ተባለ፣ ሕዝቡ ወረደ። እሷም በስመ አብ ብላ ወረደች። ጉልበቷ መሬት ነካ፣ መቀመጫዋ ተረከዟ ላይ አረፈ፣ ግንባሯ ምንጣፉን ነካ። አሁን ነው እንግዲህ ብላ ትንፋሿን ያዘች። ሕዝቡ ተነሳ። ተነሳች።

እንደገና ወረደች፣ እንደገና ተነሳች። አምና ብብቷን ከያዟት ሴቶች አንዷ አፏን ይዛ "እትዬ ማሪቱ፣ ምን ጠበል ገባሽ?" አለቻት። ማሪቱ እንደገና ወረደች። እንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ ትስቃለች፣ ስቅለት ላይ እንደማይሳቅ እያወቀች።

ፀሐይ ስትከር ነው ባሏ ትዝ ያላት። ያ ግራና ቀኝ የጠፋው ሰው እንዴት ሆኖ ይሆን? ተሰባብሮ ወድቆ ይሆን? ወደ ወንዶቹ በኩል ዞር አለች። ሁሉም ነጭ ለብሶ፣ ሁሉም ጀርባውን ሰጥቶ፣ ማን ከማን ይለያል? ጫማ ግን ሁሉም አውልቋል። ከፊት ካሉት መካከል በአረንጓዴ ክር የተጠቀጠቀ ጥቁር ካልሲ አየች።

"ኪርያላይሶን" ተባለ። አረንጓዴው ተረከዝ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ ሰውዬው ወረደ፣ መቀመጫው ተረከዙ ላይ ተደላድሎ አረፈ፣ ጀርባው ሥዕሉ ላይ እንዳለው ረጋ ብሎ ተዘረጋ። ተነሳ። አልተንገዳገደም። እንደገና ወረደ። እንደገና አረፈ።

ማሪቱ ሕዝቡ ሲወርድ ቆማ ቀረች። በጠዋት በጠዋት የጮኸችው ጩኸት ሁሉ ጆሮዋ ላይ መጣ። "የቱ ነው ግራዬ?" ያለው። ሱሉልታ ላይ በሯጮች ፊት የታጠፈው ጉልበቱ። ሬሳ ተብሎ ሲነሳ ግን ሳይሳሳት በቀኝ ጎኑ የዞረው። መጽሐፉ ውስጥ ፈልጋ ያጣችው ያ ቃል። አንድ ብሎን ከቦታዋ ስትዛነፍ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ንብ እየነደፈው ከተጻፈው ያልወጣ ሰው፣ በየጠዋቱ ሆን ብሎ ሲሳሳት ከርሟል። ሰፈሩ ሳቀበት፣ እሷ ሰደበችው፣ ልጁ አረጀ አለችው፣ ዝም ብሎ ተሸከመው። አቤት አንተ ሰው፣ አለች በልቧ፣ አቤት አንተ ሰው። በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያች ሰዓት ወድዳው አታውቅም። አጠገቧ ያለችው ሴት "ደከመሽ እንዴ?" ስትላት "አልደከመኝም" አለችና ወረደች።

ማታ አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ "እንዴት ዋልሽ?" አላት።

"ደህና። አንተስ?"

"እንደ ነገሩ ነው። ተረከዜ ያው አስቸገረኝ።"

ማሪቱ ምላሷ ጫፍ ላይ የመጣውን ዋጠችው። ክንዱን ይዛ ዳገቱን አብራው ወጣች።

ፋሲካ አለፈ። ሰኞ ጠዋት በዓለ ሃምሳ ገብቷል፣ ስግደት የለም፤ ዮጋን ግን የከለከለ አልነበረም። ማሪቱ ለሱቅ ለብሳ ከጓዳ ስትወጣ ጎማው ተነጥፏል፣ ቢጃማው ካልሲው ውስጥ ተከቷል፣ ሊቀ መመሪያ በጉልበቱ ተንበርክኮ መቀመጫውን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ ይጠብቃል።

"ማሪቱ! ግራ የቱ ነበር? ደግሞ ጠፋኝ።"

በሩ ላይ ቆማ አረንጓዴውን ተረከዝ አየችው። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

"አይ አንተ ሰውዬ! ዕድሜህን ሙሉ አይገባህም ማለት ነው?" አለች ነጠላዋን ሶፋው ላይ እየጣለች። "ዞር በል፣ ላሳይህ!"

ከጎማው ላይ ወረደላት። "ዛሬም ካልሆነልኝስ?"

"መጽሐፉ 'ነገም ቀን ነው' ይላል" አለችው ማሪቱና ተንበረከከች።